ሁለት ጊዜ የታጠበ ዶሮ

ዶሮ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ አይቼ አላውቅም ነበር። አንዴማ ይታጠባል። ያውም እንደ ጉድ ይታጠባል። በጨው ታሽቶ፣ በሎሚ ታሽቶ፣ በዱቄት ታሽቶ፣ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ይታጠባል። በሀገሬ በደብረ ታቦር ሴት ልጅ ለትዳር ደርሳለች የሚባለው ዶሮ አጥባ 12 ብልት ስታወጣ ነው ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ታጥቦ፣ ቁሌት ውስጥ ገብቶ፣ በስሎ፣ ለበዓል ቀርቦ ሲያበቃ ተመልሶ የሚታጠብ ዶሮ ያየሁት ግን ባለፈው ፋሲካ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ልጄ እጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለበዓሉ ሁለት ዶሮ ተሠርቶ ነበር። ለአራት ሰው ሁለት ዶሮ፣ ያውም አንዱ ከ1,000 ብር በላይ በሚጠራበት ዘመን፣ የጥጋብ እንዳይመስላችሁ። ወንድሜ ከነባለቤቱና ከነልጆቹ፣ አክስቴም አብራ፣ ከደብረ ታቦር ይመጣሉ ብለን ነው። እናቴ ከገና ጀምሮ አዲስ አበባ እኛ ዘንድ ስለሆነች «እኔ መሄድ ካልቻልኩ እነሱ ይምጡ» ብላ ነበር። በሆሳዕና ሰሞን መንገዱ ተዘጋ ተባለ። ተከፈተ ተባለ። እንደገና ተዘጋ ተባለ። ቅዳሜ ማታ ወንድሜ ደውሎ «እናንተው ግደፉበት» አለ። ወጡ ያን ጊዜ እሳት ላይ ነበር።

እናላችሁ፣ እሑድ ተበላ፣ ሰኞ ተበላ፣ ማክሰኞ ጠዋት ድስቱ ሲከፈት ስምንት ዘጠኝ ብልት ተኝቶበታል። ልጄ አየችውና «አሁንስ ፍትፍት ሰለቸኝ» አለች። ከዚያ ሥጋውን አንድ በአንድ አውጥታ፣ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራ ታጥበው ጀመር። ቀዩ ሁሉ ወረደ። እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ኧረ በእግዚአብሔር! በርበሬውን አጠብሽው?»

«ሾርባ ልሠራ ነው እምዬ። ነጭ ሾርባ፣ በወተት።»

«ሾርባ? ማን ታመመ?»

የእናቴን ድንጋጤ ለመረዳት በርበሬ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ዛላው ይቀነጠሳል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው ተወቅጦ ይደለዛል። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እየታየ ይደርቃል። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ ተጨምሮ ይፈጫል። የሁለት ሳምንት ጉልበት ነው። ያንን በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ውኃ ልታስወርደው? እናቴ ሳህኑን ከልጅቷ እጅ ነጥቃ «ይኼን ለማንም አትደፊም» አለችና በመክደኛ ከድና ወደ ጓዳ ወሰደችው።

እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የታሰበኝ። ልጄ በርበሬውን ስታጥብ ዶሮውን 500 ዓመት ወደ ኋላ እየመለሰችው ነበር። ቀዩ በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነው። ኮሎምቦስ ከመሻገሩ በፊት ከዚያ ምድር ውጭ ማንም አያውቀውም ነበር። ወደ እኛ የደረሰው ከዚያ ወዲህ፣ በፖርቹጋሎችም ይሁን በቀይ ባሕር ነጋዴዎች እጅ ነው። ስለዚህ ዐፄ ልብነ ድንግል በ1500 ዓ.ም. ገደማ ሲነግሡ የበሉት የዶሮ ወጥ፣ ከበሉ፣ ቀይ አልነበረም። ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ ሊኖርበት ይችላል፣ ቀይ ግን አይደለም። ዶሮዋ ራሷ ደግሞ ከበርበሬው እጅግ ትቀድማለች። ትግራይ ውስጥ መዝበር በሚባል ቦታ በተደረገ ቁፋሮ ከአክሱም መንግሥት በፊት የነበረ የዶሮ አጥንት ተገኝቶ፣ ሕሊና ወልደኪሮስና ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 800 ዓመት አካባቢ መሆኑን አሳይተዋል። በአፍሪካ ከታወቁት የዶሮ አጥንቶች ሁሉ ከጥንቶቹ አንዱ ነው። እንግዲህ ቁጠሩት፤ ዶሮ ከእኛ ጋር ወደ 2,800 ዓመት ኖራለች። ከዚያ ውስጥ ቀይ ሆና የኖረችው የመጨረሻውን 500 ብቻ ነው። ይኼን ለእናቴ ብነግራት ምን እንደምትለኝ ስለማውቅ ዝም አልኩ።

«ማን ታመመ?» ያለችው ነገር ግን ሊታለፍ አይገባም። በእኛ ቤት ዶሮ በውኃ ተቀቅሎ የሚጠጣው ሰው ሲታመም ነው፤ ስሙም ሾርባ ሳይሆን መረቅ ነው። ስብራት የገጠመው፣ ከወባ የተነሣ፣ ጉልበት የከዳው ሽማግሌ መረቅ ይሰጠዋል። ጤነኛ ሰው መረቅ ጠየቀ ማለት ሰንፏል ማለት ነው። ቃሉ ጥንታዊ ነው። በዕብራይስጥ ማራቅ፣ በዓረብኛም መረቅ ይሉታል። በመጽሐፈ መሳፍንት ጌዴዎን ለመልአኩ ያቀረበው የፍየል ሥጋ ከነመረቁ ነበር። ሾርባ ግን መጤ ነው። ፋርሱም፣ ቱርኩም፣ ዓረቡም፣ ሕንዱም፣ ሮማንያውም በየአፉ ሾርባ፣ ቾርባ እያለ ይጠራዋል፤ ወደ እኛ የመጣውም በዚያው በሙስሊሙ ዓለም የንግድ መንገድ ነው።

እኔ ሾርባን ያወቅሁት ደብረ ታቦር፣ ከጎረቤታችን ሙስሊሞች ቤት ነው። በረመዳን ማምሻውን የአጃ ሾርባ ይጠጡ ነበር። ለእኛ ለክርስቲያን ልጆች ሥጋ ያልነካው በሌላ ዕቃ ተለይቶ ይሠራልናል። ለእነሱም በፋሲካ የእኛ ዶሮ አይላክም፤ ከነነፍሷ ትሰጥና በእነሱ ቢላዋ፣ በእነሱ ባራኪ ትታረዳለች። እዚያ ሀገር ሰው ተዋድዶ የሚኖረው ቢላዋውን ለይቶ ነው። ይኼ ለፈረንጅ ሲነገረው ግራ ይገባዋል፣ ለእኛ ግን የጨዋ ወግ ነው።

ወደ ተረፈው ዶሮ ልመለስ። የእናቴ ንዴት ከበርበሬው ያለፈ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ልጄ ሥጋውን ከአጥንቱ ስትለይ እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ «ፈረሰኛው ይቺ ናት፣ ለብቻ አድርጊያት፤ ይቺ መላላጫ ናት» እያለች ትከታተል ነበር። ልጄ ደግሞ ሁሉንም በጣቷ እየበጣጠሰች አንድ ሳህን ላይ ትቀላቅለዋለች። እናቴ «ኧረ ፈረሰኛውን!» ትላለች። ልጄ «እምዬ፣ ሾርባ ውስጥ ፈረሰኛ የሚባል የለም» ትላለች።

የዶሮ 12 ብልት ምግብ ብቻ አይደለም፤ ሥርዓት ነው። ከሐዋርያት ቁጥር ጋር አያይዞ የሚተርከው ሰው ብዙ ነው። እኔ በልጅነቴ ያየሁት ግን የሐዋርያትን ሳይሆን የቤቱን ቁጥር ነው። ፈረሰኛ ለአባወራ ወይም ለከበረ እንግዳ ነው። እግሩ፣ መላላጫው በዕድሜና በማዕረግ ይወርዳል። ክንፍ ለሴት፣ አንገት ለልጅ። ወጥ የሠራችዋ ደግሞ ድስቱ ይደርሳታል። ድስት ማለት ቁሌቱ የደረቀበት ግድግዳው፣ ታችኛው ጥቁሩ፣ ማንም ያልፈለገው ጀርባና ከበቀቡ አጥንት የተላቀቀ ቅንጥብጣቢ ማለት ነው።

የሚገርመው ደግሞ ዶሮዋ እስክትታረድ ድረስ የሴቷ ሀብት መሆኗ ነው። በእኛ ደጋ በሬው የወንዱ ነው፣ እህሉ የቤቱ ነው፣ ዶሮና እንቁላል ግን የሴት ናቸው። የጨው፣ የላምባ፣ የልጆች ደብተር መግዣ ከእንቁላል ይወጣ ነበር። ታሳድጋለች፣ ከጭልፊት ትጠብቃለች፣ ማታ ትከትታለች። በበዓሉ ዋዜማ ግን ማረድ አይፈቀድላትም፤ ማረድ የወንድ ነው። ባሏ ከሌለ ቢላዋና ዶሮ ይዛ ደጅ ላይ ትቆማለች፣ በመንገድ የሚያልፍ ወንድ እስኪገኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ስንት ጊዜ ከመንገድ ተጠርቼ ለጎረቤት አርጃለሁ! እጄ እየተንቀጠቀጠ። አርባ ዓመት ቤት ያስተዳደረች ሴት የስምንት ዓመት ልጅ ስትለምን ለእኔ ያን ጊዜ ትልቅነት ነበር የሚመስለኝ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ከታረደ በኋላ እንደገና የእሷ ይሆናል፤ ትገነጥላለች፣ ታጥባለች፣ ሌሊቱን ሙሉ ቁሌት ታቁላላለች። ገበታ ላይ ሲወጣ መልሶ የሌላ ሰው ነው።

ይኼ ተራ ከየት መጣ ብንል፣ የትልቁ ገበታ ግልባጭ ነው። በቤተ መንግሥት ግብር መኳንንቱ ቀድመው ይበላሉ፣ ቀጥሎ የበታች ሹሙ፣ ቀጥሎ ወታደሩ፣ እያለ እስከ አሽከሩና እስከ ነዳዩ ይወርዳል። እቴጌ ጣይቱ ብጡል፣ በአባቷ በኩል ከሰሜን ባላባቶችና ደብረ ታቦርን መናገሻቸው ካደረጉት ከየጁ ራሶች የምትወለደዋ እመቤት፣ በ1880 ዓ.ም. መባቻ የእንጦጦ ማርያም ሲመረቅ ያስበላችው ግብር በታሪክ ተጽፎ ቀርቷል። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ መጽሐፉ ለዚያ ግብር ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ የምንለው ነገር ቅርጹን የያዘበት ገበታ አድርጎ ነው የሚያየው። እኔ መጽሐፉን ሳነብ የተመኘሁት ሌላ ነው። የግብሩን ማግስት የጻፈልኝ ሰው ባገኝ! ያ ሁሉ ወጥ ሲያልቅ ጋኑን ማን አጠበ? ድስቱንስ ማን ጠረገ? ዜና መዋዕል የሚጻፈው ገበታው ሲዘረጋ ነው፤ ሲነሣ ጸሐፊው ወደ ቤቱ ሄዷል።

የደብረ ታቦር ሰው ደግሞ ለትርፍራፊ ታሪክ ከሌላው ይልቅ ይቀርባል፣ ለምን ቢሉ ከተማው ለረጅም ጊዜ የጦር ሰፈር ነበር። የየጁ ራሶች ከዚያ ሆነው በጌምድርን ገዙ፤ ራስ ዐሊ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በካሣ ኃይሉ እስኪሸነፉ ድረስ። ካሣም ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ እዚያው ደብረ ታቦር ከረመ። በዚያ ዘመን ወታደር በየገበሬው ቤት ይመደባል፣ ገበሬው ያበላዋል። ወታደር በሬ አርዶ ለመብላት አለቃ ማስፈቀድ ሊኖርበት ይችላል፣ ዶሮ ለመብላት ግን ማንንም አያስፈቅድም። ቴዎድሮስ ወታደሩን በደመወዝ አኑሮ ገበሬውን ለማሳረፍ ሞክሮ ነበር፤ አልዘለቀለትም። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሣ ከተማዋን ራሷን አቃጥሏት ሄደ። የእናቴ እናት «ወታደር ሲመጣ ከውሻ ቀድማ የምትጮኸው ዶሮ ናት» ትል ነበር አሉ። እናቴ ይኼን አባባል ከገና ወዲህ እኔ ቤት ሦስት አራት ጊዜ ደጋግማዋለች፣ ስልክ በተደወለ ቁጥር።

ለሾርባው ሌላ የሚያስፈልገው ድንች ነበር። ልጄ አራት ድንች ልጣ ከአጥንቱ ጋር ጨመረችው። እናቴ «ድንች ከዶሮ ጋር? የድኻና የጌታ ጋብቻ!» አለች። በደብረ ታቦር ድንች ቅቅል ነው፤ ከሚጥሚጣ ጋር በመንገድ ዳር የሚሸጥ፣ ተማሪ የሚጠግብበት። ዛሬ በፋርጣና በጋይንት፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚቆመው ከጉና ተራራ ግርጌ እንደ ልብ የሚታፈሰው ድንች የዛሬ 170 ዓመት አልነበረም። ወደ ኢትዮጵያ አስገባው የሚባለው ጀርመናዊው የዕፅዋት አዋቂ ቪልሄልም ሺምፐር ነው፤ ዘመኑም በ1850 ዓ.ም. ገደማ። ሺምፐር ዕድሜውን የፈጀው በትግራይ ነው፤ ኋላ ግን በጌምድርም መጥቶ ዕፅዋት ሰብስቧል፣ በቴዎድሮስ የመጨረሻ ዘመንም ከተያዙት አውሮፓውያን ጋር ተይዟል። ገበሬው ድንቹን ወዲያው አልተቀበለውም። የተስፋፋው በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ ማሳው ያለ በሬ በቀረበት በክፉው ቀን ወዲህ ነው። ድንች በዶማም ይተከላል፤ በሬ የሌለው ሰው በሬ አይጠይቀውም። እንግዲህ እናቴ «የድኻ» ያለችው ያለ ነገር አይደለም፤ ስሙ እንደዚያ የወጣለት በችግር ቀን ስለገባ ነው።

ከደብረ ታቦር ትንሽ ወጣ ብሎ ጋፋት አለ። ቴዎድሮስ በስዊስ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የተላኩትን የእጅ ባለሙያ ሚሲዮናውያን ያሰፈረበት፣ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ የቀለጠበት ቦታ ነው። ዋልድማየርና ባልንጀሮቹ እዚያ ቤት ሠርተው፣ ሚስት አግብተው፣ ልጆች ወልደው ኖረዋል። ዋልድማየር ያገባው የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልንና የኢትዮጵያዊት እናት ልጅ ነው። በእነዚያ ጓዳዎች ውስጥ የስዊስ ባልና የበጌምድር ሚስት አንድ ድስት ዙሪያ ስለመቀመጣቸው አያጠራጥርም። በልጅነታችን ወደ ጋፋት የምንሄደው የመድፉን ወሬ ፈልገን ነበር። መድፉ ወራት በፈጀ ጉዞ መቅደላ ድረስ ተጎተተ፤ ሰባት ቶን ይመዝናል ይባላል፤ ሥዕሉ ይሣላል፣ ሐውልቱ ይሠራል። ስለ ጓዳው የጠየቀ አስተማሪ ግን አልገጠመኝም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

አሁን ልጄ ሾርባውን እንዴት እንደሠራችው ልንገራችሁ፤ ምናልባት የበዓል ዶሮ የተረፈው ሰው ይኖራል። አጥንቱን፣ አንገቱን፣ ክንፉን ከሥጋው ለይታ በቀዝቃዛ ውኃ ጣደችው። አንድ ቀይ ሽንኩርት ለሁለት ከፍላ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ካሮት ጨመረች። እሳቱን ዝቅ አድርጋ ሁለት ሰዓት ተኩል ተወችው። የሀበሻ ዶሮ አጥንቷ ጠንካራ ነው፤ እሳት ከታገሣት የምትሰጠው መረቅ ሲበርድ እንደ ጄሊ ይረጋል። የፈረንጅ ዶሮ ቢሆን ኖሮ በአርባ ደቂቃ ሟሙቶ ያልቅ ነበር። ደጋ ላይ ደግሞ ውኃ ቶሎ ይፈላል ግን አይሞቅም። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃዋ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለዚህ ነው የእኛ ሀገር ዶሮ ሌሊቱን ሙሉ ካልተንተከተከ አልበሰለም የሚባለው። መረቁን አጠለለችው፤ ድንቹን ለብቻ ፈጨችው። ከዚያ ቅቤ አቅልጣ ዱቄት ልታቁላላበት ስትል እናቴ ተነሣች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዱቄት። እንዲወፍር።»

«የስንዴ? ተይ እስቲ።»

ጓዳ ገባችና ከደብረ ታቦር ይዛው የመጣችውን የተቆላ የገብስ ዱቄት አመጣች። ሁለት ማንኪያ በቀዝቃዛ ውኃ በጠበጠችና እያማሰለች መረቁ ላይ ቀስ እያለች አፈሰሰችው። ያ ጓል የሚባለው ነገር እንዳይፈጠር እጇ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመም። ሾርባው ወፈረ፣ ቀለሙ ወደ ወርቅ ሄደ። ልጄ የተፈጨውን ድንች ጨመረች፣ ሥጋውን ጨመረች። ወተቱን በሌላ ዕቃ አሙቃ፣ ድስቱን ከእሳት አውርዳ፣ መጨረሻ ላይ ነው የቀላቀለችው። ወተት ሲፈላ በላዩ ከተጨመረ ይበጣጠሳል፤ ያን ጊዜ አይብ እንጂ ሾርባ አይሆንም።

እናቴ በጭልፋ ቀመሰችና ዝም አለች። ደግማ ቀመሰች።

«ይኼማ አጥሚት ነው» አለች። «የዶሮ አጥሚት።»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ እንዲህ አለች። «እኔ ስንት ዘመን ስጠጣው የኖርኩትን ነው ስም አውጥታችሁ ያመጣችሁት።»

ጠየቅናት። ነገሩ ለካ እንዲህ ኖሯል። በበዓል በሦስተኛው ቀን፣ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ድስቱ ውስጥ የቀረ ነገር ሲጠፋ፣ ትንሽ ውኃ ታፈስበታለች። ከግድግዳው የሚላቀቀው ይላቀቃል፣ ጀርባውና አንገቱ ይንፈቀፈቃል። አንድ እፍኝ የገብስ ዱቄት ትበትንበታለች። ላሟ የምትታለብ ከሆነ አንድ ጣሳ ወተት። ጓዳ ውስጥ፣ ቆማ፣ በጭልፋው ትጠጣዋለች። «እጣቢ ነበር የምለው» አለች። «እናንተ ስትተኙ ነው የምጠጣው። ምን ይታያል ብዬ።»

በዚያ ቤት 18 ዓመት አድጌያለሁ። በየበዓሉ ማታ ማታ ከጓዳ የጭልፋ ድምፅ እሰማ ነበር፤ ዕቃ እያጠበች ይመስለኝ ነበር።

ስለ ሾርባ የሚጻፉ ታሪኮች ሆቴል ውስጥ ነው የሚጀምሩት። በ1900 ዓ.ም. ዋዜማ ጣይቱ የከፈተችውን ሆቴል ያነሣሉ፤ ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ያመጣውን ፓስታና ሳልሳ ይጨምራሉ፤ በጃንሆይ ዘመን ለሴት ተማሪዎች የቤት አያያዝ ትምህርት ሲሰጥ ነጭ ሶስ እንዴት እንደሚሠራ መማራቸውን ያወሳሉ። ዛሬ ደግሞ በከረጢት የታሸገ ዱቄት ከሱቅ አለ፤ ውኃ አፍልቶ መበጥበጥ ነው። እኔም እስካለፈው ፋሲካ ድረስ ብትጠይቁኝ በዚሁ ተራ ነበር የምነግራችሁ፤ ነጭ ሾርባ ከፈረንጅ መጣ፣ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ቀጥሎ ክፍለ ሀገር እያልኩ። ሆቴሉም፣ ትምህርት ቤቱም እውነት ናቸው። ግን በአጥንት፣ በገብስና በወተት የወፈረ የዶሮ ሾርባ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ እኔ ተኝቼበት በነበረው ቤት፣ ከግድግዳው ማዶ ነበር። ስሙ እጣቢ ስለነበረ ማንም አልቆጠረውም።

አንድ ነገር ግን ከጥንቱ የተለየ ነበር። ድሮ የሚተርፍ ዶሮ አልነበረም። በ12 ብልት 12 ሰው የሚስተናገድበት፣ መንገደኛ ሳይቀር ጎራ በሉ የሚባልበት በዓል ምን ይተርፈዋል? ከፍልሰታ ጾም ውስጥ የሚውለው ቡሄ፣ ከተማችን ስሟን የወሰደችበት የደብረ ታቦር በዓል፣ ዶሮ ስለማይታረድበት ሙልሙሉ እንኳ ለቤት አይተርፍም ነበር፤ ልጆች ዞረው ይጨርሱታል። የዚህ ዓመቱ የእኛ ድስት የተረፈው ስለጠገብን ሳይሆን ሰው ስለጎደለ ነው። እናቴ ይኼን አልተናገረችም። ሾርባው ሲቀርብ ግን በልማዷ ሰባት ሳህን ደረደረች። ልጄ ሦስቱን መልሳ ስታነሣ አየቻት፣ ምንም አላለችም።

አራታችን ተቀምጠን ጠጣን። እናቴ እንደ ጓዳዋ ዘመን ልትቆም ስትል ልጄ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት። ጥቂት እንደጠጣች በማንኪያዋ ሥጋ አውጥታ አገላብጣ አየችው።

«ፈረሰኛው የት ገባ?»

«ተበጣጥሶ ሁሉም ውስጥ ነው ያለው እምዬ።»

«ታዲያ ማን በላው ልበል?»

«አንቺም በላሽው፣ አባቴም በላው፣ ሁላችንም።»

እናቴ ማንኪያውን አፏ ውስጥ ከታ ለረጅም ጊዜ አላመጠችው። «ደረቅ ነው» አለች በመጨረሻ። «ይኼን ነው ሰው ይህን ያህል ዘመን የሚሻማበት?» ልጄ ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል፣ ፈረሰኛ ምን ምን እንደሚል ያን ዕለት ነው ያወቀችው።

ማታ ወንድሜ ደወለ። ሁሉም ደኅና ናቸው፤ መንገዱ ገና ነው። እናቴ ዶሮው እንዴት እንደነበር ሲጠይቃት «ታጠበ» አለችው፤ አልገባውም፣ እሷም አላስረዳችውም። «ገብሱን በርታ ብለህ አስፈጭልኝ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ጠዋት ከልጄ ነጥቃ ጓዳ የከተተችውን ቀይ ውኃ አውጥታ፣ በቅቤ አንተክትካ፣ የደረቀ እንጀራ ፈትፍታበት እራት አቀረበችልን። በርበሬው አንድም ጠብታ አልባከነም። የቀረውን ሾርባ ከድና ወደ ማቀዝቀዣ ከመክተቷ በፊት ልጄን ጠራቻት።

«ነገ ረቡዕ ቢሆንም ሃምሳው ነው፣ ይጠጣል። ግን ያድርና ይወፍራል። ውኃ እንጂ ወተት እንዳትጨምሪበት።»